ጋሽ አስማረ እና ዘጠነኛው ሳጥን

የጋሽ አስማረን ሞት የሰማሁት ከስልኬ ነው። የባሕር ዳር ተማሪዎች ከሚሰባሰቡባቸው የቴሌግራም ገጾች አንዱ ፎቷቸውን በሻማ ሥዕል ከብቦ አውጥቶታል። «የብዙዎቻችን የኬሚስትሪ አባት አረፉ፤ ነፍስ ይማር» ይላል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ከሥሩ ግን «ለመታሰቢያቸው» ተብሎ አንድ ፋይል ተያይዟል። ከፈትሁት። ኮሎይዶች የሚመደቡበት ሠንጠረዥ ነው፤ ዘጠኝ ሳጥን አለው። ዘጠነኛው ሳጥን ውስጥ «ጉም» ተብሎ ተጽፏል።

ሰውየው ያንን ቃል ከዚያ ሳጥን ለማስወጣት ሲደክሙ ነው የሞቱት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ሥራዬ ዜና ነው፤ የተሳሳተ ነገር ታትሞ ሲወጣ ማየት ለእኔ እንግዳ አይደለም። ማረሚያ ይጻፋል፣ ማረሚያውን የሚያነበው አይገኝም፣ ሥራ ይቀጥላል። ይኼኛው ግን አናደደኝ። ገጹን ያዘጋጁት ልጆች ክፉ አይደሉም። ሰውየውን ወደዋቸዋል፤ ያከበሯቸው መስሏቸው ጠላታቸውን በስማቸው አባዝተው በተኑት። ከሥሩ ብዙ ሰው የልብ ምልክት አድርጎበታል።

ጋሽ አስማረን ያወቅኋቸው በሥራ ምክንያት ነው እንጂ ተማሪያቸው አልነበርሁም። በከተማው አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራ ተቆልፎ ይውላል የሚል ጥቆማ ደርሶኝ ላጣራ ሄድሁ። የሄድሁበት ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር «የእኛ በሥራ ላይ ነው» አለኝ። ይህን መልስ ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁና እንግዲያው ልየው አልሁ። እውነትም በሩ ክፍት ነበር። ውስጡ አሲድ የለም፣ ሚዛኑ ተሰብሯል፣ ቧንቧው ደርቋል። አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ የነጭ ጋውናቸው ክርን የተጣፈ መምህር ግን ጠረጴዛው ላይ የማርማላታ ብልቃጥ ደርድረው ያስተምራሉ።

እኔን ሲያዩ ትምህርቱን አላቋረጡም። አንዱን ብልቃጥ አንሥተው እጄ ላይ አኖሩት። በክረምት ከጣና የተቀዳ ውኃ ነበር፤ መልኩ ሻይ በወተት ይመስላል።

«ጋዜጠኛው» አሉኝ፤ ስሜን ከነገርኋቸውም በኋላ በሌላ ጠርተውኝ አያውቁም። «ይህ ውኃ ከክረምት ጀምሮ እዚህ መደርደሪያ ላይ ነው። ከታች ደለሉ ተቀምጧል። ከላይ ያለው ለምን አልጠለለም?»

ጭቃ ስላለበት ነው አልሁ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ጋሽ አስማረ ግን አልሳቁም፤ ጨው ውኃ ውስጥ ሲገባ ሟሙቶ እንደሚጠፋ፣ አሸዋ ሲገባ ደግሞ እንደሚዘቅጥ፣ በሁለቱ መካከል ግን ሳይጠፋም ሳይዘቅጥም የሚኖር ነገር እንዳለ፣ እሱም ኮሎይድ እንደሚባል ነገሩኝ። ከኪሳቸው ትንሽ የእጅ ባትሪ አወጡና በጨው ውኃው ብርጭቆ በኩል አበሩ። ብርሃኑ ሳይታይ አለፈ። ወተት ጠብ ባለበት ውኃ በኩል ሲያበሩ ግን ጨረሩ ብርጭቆው ውስጥ እንደ ክር ተዘርግቶ ታየ። የማይታዩት ቅንጣቶች ብርሃኑን እየበተኑት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ያንን ባትሪ ሳይዙ አይቻቸው አላውቅም። ጭማቂ ቤት ስንገባ እንኳ የአናናሱን ብርጭቆ አንሥተው ያበሩበታል። አስተናጋጇ የገባበት ነገር ያለ መስሏት ደንግጣ ስትመጣ፣ «ምንም የለበትም ልጄ፤ ኮሎይድ መሆኑን ላረጋግጥ ነው» ይሏታል። እሷም ሂሳቡን ቶሎ ታመጣለች።

ስለ ኮሎይድ የሚጠይቁት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው። እንግዳው ማን ነው? ባለቤቱስ ማን ነው? የተበተነው ነገር እንግዳ ነው፤ የተበተነበት ነገር ባለቤት ነው። ወተት ውስጥ ስቡ እንግዳ፣ ውኃው ባለቤት ነው። ወተቱ ተንጦ ቅቤ ሲወጣ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ስቡ ባለቤት ሆኖ ውኃውን በውስጡ ያሳድራል። ጭስ ውስጥ ጠጣሩ ጥላሸት የአየር እንግዳ ነው። የሳሙና አረፋ ውስጥ ደግሞ አየር የፈሳሽ እንግዳ ይሆናል። እንግዳውም ባለቤቱም ጠጣር፣ ፈሳሽ ወይም ጋዝ ሊሆን ስለሚችል ሰሌዳው ላይ ሦስት በሦስት ሠንጠረዥ ያሰምራሉ። ዘጠኝ ሳጥን ማለት ነው።

ስሞቹን ማስጻፍ አይወዱም። ተማሪው ለእያንዳንዱ ሳጥን የሚሆን ነገር ከቤቱ ይዞ መምጣት አለበት። ቅቤ ያመጣል፣ ወተት ያመጣል፣ የፍራሽ ስፖንጅ ቀዶ ያመጣል፣ ቀለም ያለው የጠርሙስ ስባሪ ያመጣል። ከከተማው ጫፍ ከሰባታሚት የሚመላለስ አንድ ተማሪ ጭስ በሃይላንድ ጠርሙስ አፍኖ መጥቶ ሲደርስ ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ መቅረቱን፣ እሳቸው ግን የጠርሙሱን ግድግዳ በጣታቸው ጠርገው ጥላሸቱን አሳይተው «እንግዶቹ እዚህ ናቸው፤ ደክሟቸው ተቀምጠዋል» ብለው ሙሉ ማርክ እንደሰጡት ራሳቸው ደጋግመው ያወሩት ነበር።

ዘጠነኛው ሳጥን፣ ጋዝ በጋዝ ውስጥ የሚበተንበት፣ ምንም የለውም። ይህን አስቀድመው አይናገሩም። ተማሪው ሽቶ ይዞ ይመጣል፣ የሲሊንደር ጋዝ ይላል፣ የሽንኩርት ሽታ ይላል፤ እሳቸው በየተራ ይጥሉታል። ጋዝ ከጋዝ ሲገናኝ ፈጽሞ ይቀላቀላል፤ ተለይቶ የሚንሳፈፍ ቅንጣት አይቀርም፤ ስለዚህ እንግዳም ባለቤትም የለም። ክፍሉ በሙሉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ «ይህን ሳጥን ባዶ ለመተው ከደፈራችሁ ኮሎይድ ገብቷችኋል» ይላሉ። የትምህርታቸው ጫፍ ይህ ነበር። ስምንቱን ማንም ያጠናዋል፤ ባዶውን የተወ ነው የገባው።

ችግሩ የመጣው ትምህርት በተቆራረጠበት ዓመት ነው። ተማሪው ቤቱ ሲውል ጋሽ አስማረ ትምህርቱን በአማርኛ አሳጥረው በእጃቸው ጻፉትና ፋሲሎ ሰፈር ለምትገኝ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጡ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የእሳቸው ማስታወሻ ገና ሳይወጣ ነው ፈላጊው የበዛው። ኮፒ ቤቱ ውስጥ የምትጽፈው ብርቱካን የምትባል ጠንቃቃ ልጅ ናት። ጽሑፉን አንድ ፊደል ሳትስት ጻፈችው። ሠንጠረዡ ላይ ስትደርስ ግን አንዱ ሳጥን ባዶ ሆነባት።

በኋላ አግኝቼ ጠይቄያታለሁ። ስልክ ደውላላቸው ነበር፤ አላነሡም። ገጽ የጎደለው እየመሰለው ወረቀት የሚመልስ ደንበኛ አስመርሯት ስለነበር ባዶ ቦታ አትወድም።

«ጋሼ ረስተውት ነው ብዬ ነው» አለችኝ። «ስምንቱን ሞልተው አንዱን ትተው ሲሄዱ ሰው ምን ይላል? የእሳቸውን ስም ልጠብቅ ብዬ ነው።»

ጉምን ከየት እንዳመጣችው ጠየቅኋት። ጉም አየር እንደሆነ፣ አየር ላይ እንደሚውል፣ ስለዚህ አየር በአየር ነው ብላ አስባ ነበር። እዚያው ሠንጠረዥ ላይ፣ ከጎኑ ባለው ሳጥን፣ ፈሳሽ በጋዝ ውስጥ ለሚበተንበት ምሳሌው «ደመና» ይላል። ጉም መሬት ላይ የተኛ ደመና ነው። ያንኑ ነገር በአንዱ ሳጥን ፈሳሽ፣ በአጠገቡ ባለው ሳጥን ጋዝ ያደረገ ወረቀት በከተማው ሁሉ ሲዞር አንድም ሰው እነዚህ ሁለቱ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ትምህርት ሲከፈት ጋሽ አስማረ እንደ ወትሯቸው ሠንጠረዡን አስምረው ስለ ዘጠነኛው ሳጥን ሲጠይቁ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ጉም» አለ። እሳቸው መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዱ ተማሪ ወረቀቱን አወጣላቸው። ከራስጌው «በመምህር አስማረ የተዘጋጀ» ይላል።

ብርቱካንን አልተቆጧትም። ያን ቀን ምን እንዳሏት ስጠይቃት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሏት። «ልጄ፣ ያን ቦታ የተውሁት ሠርቼበት ነው።» ወዲያው አስተካከለችው። ግን ምን ያህል ቅጂ እንደወጣ እሷም አታውቅም። ሌሎች ኮፒ ቤቶች የእሷን አባዝተው ይሸጣሉ፤ አንዱ ደግሞ በስልኩ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለቆታል።

ከዚያ በኋላ ጋሽ አስማረ ከሥራ ሲወጡ እስክሪብቶ ይዘው ከኮፒ ቤት ኮፒ ቤት ይዞሩ ጀመር። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድሁ። ባለ ሱቆቹ ያከብሯቸዋል፤ ወንበር ይስቡላቸዋል፣ ለስላሳ ይከፍቱላቸዋል፣ እርማቱን በትዕግሥት ይሰሙና «እሺ ጋሼ፣ እናስተካክላለን» ይላሉ። አንደኛው ብቻ እውነቱን ነገራቸው። ሁለቱንም አዘጋጅቶ ነበር፤ የተስተካከለውን ግን የሚገዛው የለም። ተማሪው ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ባዶ ያለበትን ያልተሟላ እያለ ይተወዋል።

ይህን እየነገራቸው ሳለ አንድ ወጣት ገባና የኬሚስትሪውን ሾርት ኖት ጠየቀ። ጋሽ አስማረ የተስተካከለውን ወረቀት ከባለ ሱቁ ተቀብለው ማየት ሲጀምሩ ሊገዙ የመጡ ወላጅ መሰሉት።

«አባባ፣ ያንን ይተዉት፤ ጎዶሎ ነው» አላቸው። «የጋሽ አስማረ ትክክለኛው ይኼኛው ነው።»

«አስማረን ታውቀዋለህ?»

«በደንብ ነዋ። ወንድሜን አስተምሮታል።»

ባለ ሱቁ ሊናገር ሲል በእጃቸው አስቆሙት። ለወጣቱ ጉም ውስጥ ቆመህ ታውቃለህ ወይ አሉት። አዎ አለ፤ ጢስ ዓባይ በክረምት ሄዷል፤ ፏፏቴው አጠገብ ሲቆም ልብሱ ረጥቧል። ያረጠበህ ምንድን ነው አሉት። ውኃ አለ። ታዲያ ውኃ ጋዝ ነው ወይ? ወጣቱ አሰበ። ማሰቡ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ጋሽ አስማረም ያንን ፊት ሲያዩ ፊታቸው በራ። ከዚያ ልጁ ትከሻውን ሰበቀና፣ «እሱስ ልክ ነዎት አባባ። ፈተና ላይ የሚመጣው ግን ይኼ ነው» ብሎ «ጉም» ያለበትን ገዝቶ ወጣ።

የሐይቁን ዳር ይዘን ስንሄድ ነፋሱ ዳርቻው ላይ የገፋውን አረፋ በጫማቸው ነካ አድርገው «አየር በውኃ» አሉ ለራሳቸው።

ልጁ ግን ያለው ደረሰ። በዚያው ዓመት ለበርካታ ትምህርት ቤቶች በጋራ የወጣ ሞዴል ፈተና ላይ ጥያቄው መጣ። በአማርኛ ሲመለስ፣ ጋዝ በጋዝ ውስጥ ሲበተን የሚፈጠረው ኮሎይድ የትኛው ነው የሚል ነው። ምርጫዎቹ ጉም፣ ጭስ፣ አረፋ እና «ምንም አይፈጠርም» የሚሉ ናቸው። የመልስ ቁልፉ ጉም ይላል። ጥያቄውን ያወጣው ሰው ከዚያ ሾርት ኖት ላይ ነው የወሰደው። በከተማው ያሉ ተማሪዎች በጠቅላላ አገኙት። የሳቱት የጋሽ አስማረ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ ምክንያቱም መምህራቸውን አምነዋል።

የፈተናው አስተባባሪ ደሳለኝ የሚባል፣ ከዓመታት በፊት እሳቸው ያስተማሩት ወጣት መምህር ነበር። ቢሮው አብሬያቸው ገባሁ፤ ጋዜጠኛ መሆኔንም ተናገርሁ። ደሳለኝ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ እስኪቀመጡም አልተቀመጠም። ወረቀቱን ዘርግተው ሲያስረዱት አላቋረጣቸውም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከእርስዎ የተማርሁ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቁልፉ ወጥቷል።»

ደሳለኝ ዝርዝሩን ነገራቸው፤ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች ተልኳል፣ ታርሟል፣ ውጤቱ ተመዝግቧል። አሁን ቢቀየር የብዙ ልጅ ማርክ ይወርዳል፤ ወላጅ ይጮኻል። እንዲያውም፣ አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወረቀቱ የወጣው በእርስዎ ስም ስለሆነ ጉዳዩ ከተነሣ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

«ጥያቄውን ሰርዙት» አሉ። «ጉም ላለውም ላላለውም ማርክ አትስጡ፣ አትቀንሱ።»

ደሳለኝ ማመልከቻ እንዲያስገቡ፣ እሱም ለኮሚቴው እንደሚያቀርብ ቃል ገባ። መቼ ይሰበሰባል ብዬ ጠየቅሁ። ከሚቀጥለው ፈተና በኋላ አለ። የሚቀጥለው ፈተና ጥያቄ ከየት ይመጣል አልሁ። ከዚሁ ከተጠራቀመው ጥያቄ እየተመረጠ ነው አለ። ይህን ሲመልስ አላፈረም፤ ደክሞት ነበር። ጥሩ ሰው ነው ደሳለኝ። አንድ መጥፎ ሰው ባገኝ ለዘገባዬም ለንዴቴም በቀለለኝ።

ዘገባውን ጻፍሁት። የበላይ ቢሮውን አስተያየት ጠየቅሁ፤ ጉዳዩ እየተጣራ ነው አሉኝ። አዘጋጄ አንብቦ፣ «ለአንድ ሳጥን ይህን ያህል?» ብሎ ወደ አጭር ዜና ቀነሰው፤ እሱም በመጨረሻ ቦታ ጠፍቶለት ቀረ። ጋሽ አስማረም ማመልከቻቸውን አስገቡ፤ መዝገብ ቤት ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ደጋግመው ሄዱ። በየሄዱበት ሁሉ ልክ ነዎት ይሏቸዋል። ልክ አይደሉም ያላቸው አንድ ሰው አልነበረም። ቢኖር ተከራክረው ያሸንፉት ነበር፤ ልክ ነዎት ከሚላቸው ሰው ጋር ግን ምን ያድርጉ? በዚህ መሐል ሰውነታቸው መክሳት ጀመረ። ሐኪም ቤት ይሂዱ ስላቸው ኮሚቴው ይሰብሰብና እሄዳለሁ ይላሉ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ፣ የቀረው ትምህርት ሁሉ ልክ ነው፣ ይህን አንድ ነገር ይተዉት አልኋቸው። ባትሪያቸውን እያበሩ እያጠፉ ሰሙኝና፣ «ሌላውን ሁሉ መጽሐፉም ያስተምረዋል፤ እኔ ያስተማርሁት ይህን አንድ ነው» አሉ።

የሚቀጥለው ፈተና ተራ ፈተና አልነበረም። የተሻለ ውጤት ያመጡ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ይገቡበታል፤ ምግቡም መኝታውም መጽሐፉም ነጻ ነው። ከጋሽ አስማረ ክፍል ተስፋ የተጣለባት ማኅደር የምትባል ልጅ ናት። እናቷ ወይዘሮ የሺ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች፤ ልጇን የምታሳድገው ብቻዋን ነው። ማኅደር በሞዴል ፈተናው «ምንም አይፈጠርም» ብላ ማርክ ከጣሉት አንዷ ነበረች፤ ለአዳሪው ትምህርት ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ማርክ ወሳኝ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ከጋሽ አስማረ ጋር ተቀምጬ ሳለ ገባች። እኔን ስታይ አመነታች፤ እሳቸው ተናገሪ አሏት።

«ጋሼ፣ ያ ጥያቄ ተመልሶ ከመጣ የትኛውን ልምረጥ?»

እናትሽ ደህና ናት ወይ አሏት። ደህና ናት። ፈረቃዋ ተቀየረላት ወይ? አልተቀየረላትም። መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ጠረጉት። እኔ መልሱን የማውቀው መስሎኝ ነበር። ከወር በላይ በየቢሮው ሲዞሩ ያየኋቸው ሰው፣ ለአንድ ሳጥን ምግብና እንቅልፍ የተዉ ሰው፣ ምን እንደሚሉ ግልጽ ነው ብዬ ነበር።

«ጉም የሚለውን ምረጪ» አሏት።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ…»

«ሰማሽኝ? ጉም የሚለውን። ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው።»

ልጅቷ እጅ ነሥታ ወጣች። እኔ አላስቻለኝም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ታዲያ ለምን ደከሙ አልኋቸው። ተቆጡኝ፤ ከዚያ በፊት ተቆጥተውኝ አያውቁም። የእኔን ክርክር በእሷ ማርክ ልከራከር ወይ አሉኝ። እኔ ሥራ አለኝ፣ አሉ፣ ጡረታዬም ደርሷል፣ ባዶውን ሳጥን ይዤ ብቀመጥ የሚጎድልብኝ የለም፤ የሺ ግን ቆማ የምትውል ሴት ናት፤ ለእኔ ትክክል መሆን የሺ ለምን ትከፍላለች? ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ይከድኑ ጀመር። ሁሉም ተከድነው ነበር፤ እየከፈቱ እንደገና ይከድኗቸዋል።

ጥያቄው መጣ። ቁልፉም አልተለወጠም።

ውጤት በወጣ ሰሞን ሰባታሚት ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድሁ። ሕመሙ ጠንቶባቸው ትምህርት ቤት መሄድ ትተዋል። በረንዳ ላይ ጋቢ ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። ኮሚቴው ተሰብስቦ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልተሰበሰበም አልሁ። ብዙም ሳንጫወት ወይዘሮ የሺና ማኅደር በአጥር በሩ ገቡ። እናትየው ማር በቅል ይዛለች። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አስቀሯት።

ማኅደር አዳሪ ትምህርት ቤቱ ገብታለች። በኬሚስትሪ ያገኘችው ሙሉ ነው፤ አንድም አልሳተችም። ወይዘሮ የሺ ይህን ስትናገር ቃላቱ እየተደራረቡባት ነው። ዕድሏን የከፈቱላት እርስዎ ነዎት፣ ዕድሜ ይስጥዎ፣ ከሕመምዎ ይማርዎ፣ እኔ ምን ብዬ አመሰግንዎታለሁ አለች። ጋሽ አስማረ እውነትም ደስ አላቸው። ማኅደርን አጠገባቸው አስቀምጠው ስለ አዳሪው ቤት ጠየቋት፤ መቼ ትሄጃለሽ፣ ምን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ብርድ ልብስ አለሽ ወይ አሏት። ጥቂት ቆይተው፣ እንደ ጨዋታ አድርገው፣ ግን ፊቷን ትክ ብለው እያዩ ጠየቋት።

«እስቲ ማኅደር፣ ጋዝ በጋዝ ውስጥ ሲበተን ምን ይፈጠራል?»

ልጅቷ ቀና አለች። አላመነታችም፤ አላፈረችም። እንደ ጎበዝ ተማሪ ጥያቄውን አጥርታ ለማወቅ ነው የፈለገችው።

«ለፈተና ነው ወይስ ለእርስዎ ጋሼ?»

ወይዘሮ የሺ በልጇ ንቃት ከልቧ ሳቀች። «ይቺ ልጅ እኮ እንዲህ ናት» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርሁ።

«ለእኔ» አሉ ጋሽ አስማረ።

ማኅደር እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ መለሰች። ምንም አይፈጠርም፤ ጋዞች ሲገናኙ ፈጽሞ ይቀላቀላሉ፤ ተለይቶ የሚቀር ቅንጣት የለም፤ እንግዳም የለም፣ ባለቤትም የለም፤ ስለዚህ ሳጥኑ ባዶ ነው አለች። ጋሽ አስማረ ራሳቸው ከዚህ የተሻለ አያስረዱትም ነበር። «ጎበዝ» አሏት። ግንባሯን ሳሟት። እናትና ልጅ መሽቶ መኪና እንዳያጡ ብለው ተነሡ፤ አጥር በሩ ድረስ ሸኘኋቸው።

ስመለስ ጋሽ አስማረ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበውት፣ መንገዱን እያዩ ነበር። ላጽናናቸው ፈልጌ፣ ልጅቱ አልተበላሸችም፣ ሰምተዋታል፣ ትክክለኛውን ጥርት አድርጋ ታውቃለች አልኋቸው።

«ታውቃለች» አሉ። «ማወቁንስ ታውቃለች። እኔ ያስተውኋት የምታውቀውን መጻፉን ነው።»